የአሥር ደቂቃው ምርመራ፦ ተንቀሳቃሽ የቆዳ ክሊኒክ ሲመጣ ዕድሉን እንዴት እንጠቀምበት?

የቆዳ ካንሰርን በነፃ የሚመረምረው መኪና ጠዋት ይመጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ወረፋ ይያዛል። አመሻሽ ላይ ሁሉም ነገር ተጠቅልሎ ይሄዳል። በዚህ መሀል ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። ሰው ከበዛ ደግሞ ያንሳል።

ቆዳን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሐኪም አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ጊዜው የሚባክነው በእኛ በኩል ነው። ካልሲያችንን ሳናወልቅ ገብተን እንወጣለን። ያስጨነቀንን ነገር አፍረን ሳንናገር እንመለሳለን። ሪፈር የተጻፈበትን ወረቀት ኪሳችን ውስጥ ረስተን ከሱሪው ጋር እናጥበዋለን። ሰው መውቀሴ አይደለም። የካልሲው ጥፋት የራሴ ነው። ሐኪሟ «እግርዎንስ?» ስትለኝ «እሱ ደህና ነው» ብዬ ወጣሁ። ውስጥ እግሬን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳየሁት ግን እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ከዋዜማው ጀምረን እስከ ሪፈሩ ድረስ በቅደም ተከተል እንሂድ።

ከሁሉ በፊት፦ ይህ ምርመራ ምንድን ነው?

በዓይን ማየት ነው። መርፌ የለም፣ ደም አይቀዳም። ሐኪሙ ቆዳችሁን ከራስ እስከ እግር ያያል። ያጠራጠረውን በማጉያ መሣሪያ ጠጋ ብሎ ይመለከታል። ከዚያ «የሚያሳስብ ነገር አላየሁም» ወይም «ይህ በደንብ መታየት አለበት» ይላችኋል። መኪናው ውስጥ «ካንሰር ነው» የሚል ቁርጥ ያለ መልስ አትጠብቁ። ቁርጡ የሚታወቀው ከቆዳው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ምንም ምልክት የሌለበትን ሰው ሁሉ እየጠሩ ቆዳውን ማየት ሞትን ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና አልተዘጋም። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳዩን አይቶ «አድርጉም አታድርጉም ለማለት በቂ ማስረጃ የለም» ብሏል። ይህ ግን ምልክት የሌላቸውን ሰዎች የሚመለከት ነው። የተለወጠ ነጥብ ወይም እምቢ ያለ ቁስል ይዞ ለሚመጣ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። የእሱ ጉዳይ ሕክምና ፍለጋ ነው። መኪናው በደጁ ሲያልፍ ዕድሉን ማሳለፍ የሌለበትም እሱ ነው።

1. ከወረፋው ፊት መሆን ያለባችሁ እነማን ናችሁ?

የቆዳ ካንሰር ሲባል ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። በብዛት የሚታየው ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሁለተኛው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ችላ ከተባለ ሊዛመት ይችላል። ሦስተኛው ሜላኖማ ነው። ከሁለቱ በቁጥር ያንሳል፣ በክፋት ግን ይበልጣል።

ከእነዚህ አንዱ ካላችሁ ቅድሚያ የእናንተ ነው፦

- ለአንድ ወር ያህል ያልዳነ ቁስል፣ ወይም ዳነ ስትሉት እንደገና የሚደማ
- አዲስ የወጣ ወይም የተለወጠ ነጥብ፣ እብጠት፣ ሻካራ ቆዳ
- አልቢኒዝም
- የቆየ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ወይም ለዓመታት የሚመላለስ ቁስል
- የአካል ንቅለ ተከላ፣ ወይም የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ ሕመም ወይም መድኃኒት
- በወላጅ፣ በወንድም ወይም በእህት ላይ የታየ ሜላኖማ
- ከዚህ በፊት የታከማችሁት የቆዳ ካንሰር

ስለ ቃጠሎው ጠባሳ ጥቂት ልጨምር። በአሮጌ ጠባሳ ላይ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። «የማርዦሊን ቁስል» ይባላል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ስም። ሰው በልጅነቱ የተቃጠለበትን እግር ዕድሜ ልኩን ስለለመደው፣ ጠባሳው መሀል ላይ አዲስ ቁስል ሲከፈት «ያው የድሮው ነው» ይላል። ይኼኔ ነው መጠራጠር።

አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ቆዳቸው ከፀሐይ የሚከላከለው ሜላኒን የለውም ወይም በጣም አነስተኛ ነው። ፀሐይ በሚበረታበት አካባቢ በወጣትነታቸው ለስኳመስ ሴል ካንሰር ይጋለጣሉ። ለእነሱ ይህ ምርመራ አንድ ጊዜ ሄዶ የሚተው ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በየተወሰነ ወሩ የሚደገም ጉዳይ ነው።

«እኔ ጥቁር ነኝ፣ አይነካኝም»

ግማሹ እውነት ነው። ሜላኒን ይከላከላል። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ የቆዳ ካንሰር በጣም ያነሰ ነው። ሌላው ግማሽ ግን አደገኛ ነው። በተለይ ሜላኖማ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማንም በማያይበት ቦታ ነው። ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር፣ አንዳንዴም አፍ ውስጥ። ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት እምብዛም ነው። ስለዚህ «ፀሐይ ላይ አልውልም» የሚለው ማስተባበያ እዚህ አይሠራም።

ቦብ ማርሊን ሁሉም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። መጀመሪያ የታሰበው ኳስ ሲጫወት የተጎዳ ጣት ነው ተብሎ ነበር። በግንቦት 1981 አረፈ፣ ገና 36 ዓመቱ ነበር። ጥፍር ሥር የጠቆረ ነገር ሳይ ሁሌ እሱ ይታወሰኛል።

2. በዋዜማው ማታ ራሳችሁን እዩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሐኪሙ የሚያያችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ነጥቡ ከስድስት ወር በፊት ምን ይመስል እንደነበር አያውቅም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ደህና መብራት ያለበት ክፍል ግቡ። ትልቅ መስታወትና የእጅ መስታወት ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ የምታምኑትን ሰው አስቸግሩ። ጀርባን ብቻውን ያየ ሰው የለም። ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። የራስ ቆዳ፣ ፀጉር በማበጠሪያ እየተከፈለ። ፊት፣ ከንፈር፣ ጆሮና ከጆሮ ጀርባ። አንገት፣ ደረት፣ ሴቶች ከጡት ሥር። ክንድ፣ ብብት፣ መዳፍ፣ የጣቶች መሀል፣ ጥፍር። ጀርባ፣ መቀመጫ፣ ብሽሽት። እግር፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር፣ የእግር ጣቶች መሀል። ውስጥ እግርን ለማየት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ጉልበት ላይ መስቀል ይበቃል።

«ማርያም የሳመችኝ» የምንለው ዓይነት ነጥብ ብዙ ሰው አለው፣ አብዛኛውም ምንም አይደለም። ታዲያ የትኛው ያሳስብ? አምስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ በመሀሉ መስመር ብታሰምሩ ግማሹ ከግማሹ ይመሳሰላል? ደህናው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ይመሳሰላል።

ሁለተኛ፣ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል? ወይስ የተቦጫጨቀና ወደ ቆዳው የፈሰሰ ቀለም ይመስላል?

ሦስተኛ፣ ቀለሙ አንድ ነው? ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ መሰል ተደባልቆበት ከሆነ አሳዩት።

አራተኛ፣ ከ6 ሚሊሜትር ይበልጣል? በእርሳስ ጫፍ ላይ ያለችው ላጲስ ያህል ማለት ነው። ግን «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ከዚያ ያነሰ ሜላኖማም አለ።

አምስተኛ፣ ተለውጧል? አድጓል፣ ከፍ ብሏል፣ ያሳክካል፣ ይደማል?

የመጀመሪያዎቹን አራት መለኪያዎች ሐኪሞች ያስተዋወቋቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አምስተኛው የተጨመረው በ2004 ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጨረሻ የመጣው ይበልጣል። ቅርጹ ያማረ ነጥብም እየተለወጠ ከሆነ ይታይ። ደግሞ አብዛኛው ሜላኖማ ከድሮ ነጥብ ላይ አይነሳም፣ ንጹሕ በነበረ ቆዳ ላይ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ «ይህ ከየት መጣ?» ያሰኛችሁን ነገር አትለፉት።

ሌላ ቀላል ዘዴም አለ። የአንድ ሰው ነጥቦች እንደ ቤተሰብ ይመሳሰላሉ። ከመሀላቸው ዘመዶቹን ያልመሰለ አንድ ካለ፣ ጣታችሁን እሱ ላይ አድርጉ።

ነጥብ ያልሆኑትንም አትርሱ። ቤዛል ሴል እንደ ዕንቁ የምታብለጨልጭ ትንሽ እብጠት ሊመስል ይችላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆንና ተራ ነጥብ ይመስላል። ስኳመስ ሴል ይሻክራል፣ ቅርፊት ያበጃል፣ ቅርፊቱ ሲነሳ ይደማል።

ጥፍር ላይ ደግሞ ቶሎ አትደንግጡ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ጠቆር ያለ መስመር የተለመደ ነው፣ በተለይ በብዙ ጣቶች ላይ ካለ። የሚያሳስበው አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ያለ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወይም ጥቁረቱ ጥፍሩን አልፎ ሥሩ ላይ ወዳለው ቆዳ የተዳረሰ መስመር ነው። ጣታችሁን በር ቀጥቅጦት የጠቆረ ከሆነ፣ ጥቁረቱ ከጥፍሩ እድገት ጋር ወደ ጫፍ እየተገፋ ይሄዳል። ባለበት የቆመ ከሆነ አሳዩ።

ያጠራጠራችሁን ፎቶ አንሱ። አንዱን ከሩቅ፣ ቦታው እንዲታወቅ። አንዱን ከቅርብ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ። ቀኑን ጻፉ። ከነጥቡ ጎን በእስክሪብቶ ትንሽ ቀስት ብታደርጉ ነገ ለመፈለግ አትቸገሩም። ቀስቱ ነጥቡ ላይ አይሁን፣ አጠገቡ ይሁን።

አንድ ማሳሰቢያ። በሳምንታት ውስጥ ከፍ ብሎ የወጣ፣ ሲነኩት ጠንከር የሚል፣ በየጊዜው የሚያድግ ነገር ካገኛችሁ መኪናውን አትጠብቁ። ነገ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። መኪናው በሚቀጥለው ወር ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል።

3. ጠዋት ከቤት ስትወጡ

ኩቴክስ ካለ የእጁም የእግሩም ይለቅ። ሜካፕ አትቀቡ። ፀጉራችሁ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ሊፈታ የሚችል አድርጉት። ዊግ ወልቆ የሚታይ መሆኑን እወቁ። ቶሎ የሚወልቅ ልብስና ጫማ አድርጉ። ቅባትና ሎሽን ብዙ አትቀቡ፣ የሚያንጸባርቅ ቆዳ ለማየት ያስቸግራል።

በትንሽ ወረቀት ወይም በስልካችሁ ላይ ይህን ያዙ፦ የምትወስዱት መድኃኒት፣ በቤተሰብ የነበረ ካንሰር፣ ከዚህ በፊት ከቆዳችሁ የተቆረጠ ነገር ካለ ውጤቱ፣ እና ማታ ያገኛችኋቸው ነጥቦች ዝርዝር። ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ በጣም ያሳሰባችሁን ጻፉ። ጊዜ ካጠረ እሱን ታሳያላችሁ።

4. ወረፋ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መዝጋቢው ጋ ስትደርሱ አትፈሩ። ነፃ ቢሆንም መጠየቅ ነውር የለውም።

የሚያየኝ ማን ነው? የቆዳ ሐኪም፣ ጠቅላላ ሐኪም ወይስ ነርስ? ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማወቁ ግን ይጠቅማል።

መላ ሰውነት ነው ወይስ የማሳየውን ቦታ ብቻ? አንዳንዱ ዘመቻ የሚያየው ፊትና እጅ ብቻ ነው። ከሆነ ውጤቱን «መላ ቆዳዬ ታየ» ብላችሁ አትያዙት።

የሚያጠራጥር ነገር ቢገኝ ወዴት ትልኩኛላችሁ? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ምርመራው ነፃ ነው ማለት ቀጣዩ ሕክምና ነፃ ነው ማለት አይደለም። ቀድሞ ማወቅ በኋላ ከመደናገጥ ያድናል።

ስሜንና ፎቶዬን ማን ይይዘዋል? ለሕክምና የሚነሳ ፎቶ አለ፣ ለማስታወቂያ የሚነሳ ፎቶም አለ። ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚፈቀዱት። ለሁለተኛው «አይሆንም» ብትሉ ምርመራው ሊቀርባችሁ አይገባም።

5. ውስጥ ስትገቡ

ጋወን ይሰጣችኋል። ሁሉንም በአንዴ ማውለቅ ግዴታ አይደለም። ደህና ባለሙያ አንዱን ክፍል ሲያይ ሌላውን ይሸፍናል። ከእናንተ ጋር ሰው እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሴት በሴት መታየት ከፈለገች ትጠይቅ። ብሽሽትና መቀመጫ አካባቢ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ በቃል ተናገሩ፣ ባለሙያው ሳትነግሩት ላያየው ይችላል።

መጀመሪያ የምትናገሩት ዓረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «ይህ ነጥብ ከዚህን ያህል ጊዜ ወዲህ እንዲህ ሆኗል።» ፎቶውን አሳዩ። ስለ አየሩና ስለ ወረፋው ማውራቱ ይቆይ። አሥር ደቂቃ ነው ያላችሁ።

ሐኪሙ ብርሃን ያላት ትንሽ ማጉያ ያወጣል። ደርማቶስኮፕ ትባላለች። ብዙ ጊዜ አሥር እጥፍ ታጎላለች፣ ከቆዳው የላይኛው ሽፋን ሥር ያለውን የቀለም አቀማመጥ ታሳያለች። አታምም፣ ጨረርም የላትም። መሣሪያውን ባያወጣ «ይህን በደርማቶስኮፕ ቢያዩልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ቦታ ታይቶ እንደሆነ አረጋግጡ። የራስ ቆዳ፣ ውስጥ እግርና የጣቶች መሀል፣ ጥፍር። ካልታየ ካልሲያችሁን አውልቁና እግራችሁን ወደ ፊት አድርጉ። እኔ ያላደረግኩትን እናንተ አድርጉ።

6. ወረቀቱ

በቃል ብቻ ተነግሯችሁ አትውጡ። ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን እንደተጠረጠረ፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ መታየት እንዳለበት የተጻፈበት ወረቀት ያዙ። «አስቸኳይ» ማለት ሳምንት ነው ወር? ጠይቁ። እዚያው በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ወረቀት ይጠፋል፣ ይታጠባል።

«በሦስት ወር እናየዋለን» ከተባላችሁ ቀጣዩ ቀጠሮ የት እንደሆነ ሳታውቁ አትሂዱ። መኪናው ያኔ ሌላ ቦታ ነው የሚሆነው።

ሪፈር ከተጻፈላችሁ የሚጠብቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ ባዮፕሲ ነው፣ ከቆዳው ናሙና መውሰድ ማለት ነው። የማደንዘዣ መርፌ ቦታው ላይ ይወጋል። መርፌው ትንሽ ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላ መነካካት እንጂ ሕመም አይሰማም። ናሙናው ወይም ነጥቡ በሙሉ ይቆረጣል፣ እንደ ስፋቱ አንድ ሁለት ክር ይሰፋል። በዚያው ቀን ወደ ቤት ነው። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ ሄዶ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ካልደወሉላችሁ ደውሉ። ዝምታ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

«ካንሰር በቢላ ከተነካ ይበተናል» የሚል ወሬ ስንቱን አስቀርቷል! ባዮፕሲ የቆዳ ካንሰርን አያሰራጭም። የሚያሰራጨው መቆየቱ ነው። ሜላኖማ አደጋው የሚለካው ወደ ታች በገባበት ጥልቀት ነው፣ በሚሊሜትር። ከ1 ሚሊሜትር በታች እያለ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ቆርጦ ማውጣቱ ብቻ ይበቃዋል። እየጠለቀ ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ በሪፈር ወረቀት ላይ የሚታለፈው እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው።

አደራ የምለው ሌላ ነገር አለ። ያልታወቀ ነጥብ በክር ማሰር፣ በምላጭ መላጥ፣ በሚያቃጥል ቅባት ማንሳት፣ ውበት ሳሎን ገብቶ በሌዘር ማስጠፋት አይገባም። ላዩ ሲጠፋ ሥሩ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደነበር ለማወቅ ናሙናም አይገኝም። ሐኪም ቢቆርጠውም «ለፓቶሎጂ ይላካል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ክሊኒኩን ወደ ሰፈራችሁ ለመጥራት ካሰባችሁ

ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት ወይም የእምነት ተቋም ሆናችሁ ልታዘጋጁ ትችላላችሁ። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ በበጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ነፃ ምርመራ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ነው። ስለዚህ የተለፋበት መንገድ ነው። ሥራው ግን በመኪናው አይጀምርም። ሪፈር የሚቀበል ሆስፒታል በማግኘት ይጀምራል። ባዮፕሲ የሚሠራና ናሙና የሚያነብ ቦታ ሳይገኝ ሰውን «ይህ ያጠራጥራል» ብሎ መላክ፣ ጭንቀት አስይዞ መሸኘት ነው። ይህ ካልተሟላ ቀኑን ብታራዝሙት ይሻላል።

ቀጥሎ ሂሳብ ነው። አንድ ሐኪም፣ ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ፣ በቀን 6 የሥራ ሰዓት። 36 ሰው። ሁለት ሐኪም ካለ 72። ለ300 ሰው ማስታወቂያ ከለጠፋችሁ ከ200 በላይ ሰው አስቀይማችሁ ትሸኛላችሁ። ከተቻለ በቀጠሮ አድርጉት። ካልተቻለ መግቢያ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ምልክት ያላቸውን፣ አልቢኒዝም ያለባቸውንና ጠባሳቸው የቆሰለውን ያስቀድም።

ቦታው ጥላ ይኑረው። የቆዳ ካንሰር ለመመርመር የመጣን ሰው አራት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማቆም ከቀልድም ቀልድ ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው ደግሞ ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ጊዜ ለዩላቸው። ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠቢያ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ያስፈልጋል። መጋረጃው ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። ቀጭን መጋረጃ ከኋላው መብራት ሲበራ ጥላ ያሳያል፣ ይህን ያየች ሴት ሁለተኛ አትመጣም።

ማስታወቂያው ላይ «ኩቴክስ አውልቃችሁ፣ ውስጥ እግራችሁን ለማሳየት ተዘጋጅታችሁ ኑ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ሐኪሞቹ ያመሰግኗችኋል።

ሪፈር የተጻፈላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር በምስጢር የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ። የራሳቸው ስልክ፣ በፈቃዳቸው ደግሞ የአንድ ዘመድ ስልክ ይመዝገብ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ሰው ደውሎ «ሄዱ ወይ?» ይበል። ያልሄደ ካለ ምክንያቱ የትራንስፖርት ነው፣ የገንዘብ ነው፣ የፍርሃት ነው? የዘመቻው ፍሬ የሚታወቀው እዚህ ስልክ ላይ ነው። «ይህን ያህል ሰው ታየ» የሚለው ቁጥር ለሪፖርት ያምራል። እኔ የምጠይቀው ከተላኩት ስንቱ ደረሰ የሚለውን ነው።

7. «ምንም የለም» ከተባላችሁ

ደስ ይበላችሁ፣ ግን የዕድሜ ልክ ዋስትና አይደለም። ያ ውጤት የዚያን ቀን ቆዳ ውጤት ነው።

ፀሐይን በተመለከተ ባጭሩ፦ የዩቪ (ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር) መጠን ጠቋሚው 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መከላከያ ያስፈልጋል። ፀሐይ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ጥላ፣ ዙሪያውን ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ ከቅባት ይቀድማሉ። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ከሆነ የመከላከያ መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም፣ ላብ ወይም ውኃ ካጠበውም እንደገና ይቀባ። አልቢኒዝም ላለበት ሰው ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፣ ልክ እንደ መድኃኒት ነው።

ማታ ያደረጋችሁትን የራስ ምርመራ በወር አንድ ጊዜ ድገሙት። ሲለመድ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ቀኑን ለማስታወስ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፣ በየወሩ በዚያው ብርሃንና በዚያው ርቀት አዲስ አንሱና ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ልዩነት ካያችሁ ሁለቱን ፎቶዎች ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ሂዱ።